ጎማን በእጅ መግጠም፦ ከሰቆጣ ደጋ የተወሰደ የሙያ ማስታወሻ

ከሰቆጣ በቢልባላ አድርጎ ወደ ላሊበላ የሚሄድ ወይም ወደ ዝቋላና አበርገሌ ቆላ የሚወርድ መኪና ጎማው ሲተኛበት ማሽን ያለው ጎሚስታ፣ ማለትም ጎማ ጠጋኝ ባለሙያ፣ ሁልጊዜ በአቅራቢያው ስለማይገኝ፣ ጎማን ከቸርኬ (ጎማው ከሚቀመጥበት የብረት ክብ) ጋር በእጅ ማገጣጠም በዋግኽምራ ደጋ በየግቢውና በየመንገዱ ዳር የሚሠራ ሥራ ነው። ሥራው የጉልበተኛ ሥራ ተደርጎ ቢታይም፣ በትክክል ሲሠራ የሚጠይቀው ጉልበት ጥቂት ነው፤ ብዙ ጉልበት ካስፈለገ አንድ ነገር ከቦታው ወጥቷል ማለት ነው።

ምክንያቱ በጎማው ጠርዝ ውስጥ ያለው የብረት ሽቦ ቀለበት ነው። ሽቦው አይለጠጥም፤ ዙሪያውም ከቸርኬው ከንፈር ዙሪያ ያነሰ ስለሆነ ጠርዙ በግፊት ብቻ ከንፈሩን ሊሻገር አይችልም። መሻገሪያው በቸርኬው መካከል ዙሪያውን የተሠራው ጎድጓዳ ነው፤ የጠርዙ አንድ ወገን በእግር ተረግጦ ጎድጓዳው ውስጥ ሲገባ፣ በተቃራኒው ወገን ጠርዙ ከንፈሩን የሚያልፍበት ትርፍ ይገኛል። ጎድጓዳው ወደ አንዱ ጎን ስለሚያደላ ጎማው መግባት ያለበት በዚያው ጎን ነው። ጠርዙና ከንፈሩ በሳሙና ውሃ ይቀባሉ፤ ዘይት፣ ግራሶና ነዳጅ ግን ጎማውን ስለሚያሳብጡ አይገቡም። የጎማ ብረቱ በአንድ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ጣት ያህል ብቻ እየወሰደ ይሄዳል፤ ብረቱ በድንገት ሲከብድ የሚበጀው ረጅም ቧንቧ ቀጥሎ መጫን ሳይሆን ቆም ብሎ ተቃራኒውን ወገን ማየት ነው፣ ጠርዙ ከጎድጓዳው ወጥቶ ይገኛልና። ከለመዳሪ፣ ማለትም አየር የሚይዝ የውስጥ ጎማ፣ ያለው ከሆነ ቅርጹን እስኪይዝ ጥቂት አየር ይሰጠዋል፤ ቫልቩ ያለበት ቦታ ጎድጓዳውን ስለሚሞላም ሥራው ከቫልቩ ተቃራኒ ተጀምሮ ቫልቩ ዘንድ ያበቃል።

ቀጥሎ ያለው የአየር ሥራ በሰቆጣ ከቆላ ይልቅ ይከብዳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከአምስት አራት እጅ በታች ነው፤ በዚህም የተነሳ የእጅ ፓምፕ ያንኑ ልክ ለመሙላት ከሩብ በላይ ተጨማሪ ምት ይፈልጋል። ከለመዳሪ የሌለው ጎማ ጠርዙ ከቸርኬው ጋር ካልገጠመ የገባው አየር ሁሉ ያመልጣል፤ ስለዚህ መጫኛ በጎማው ጥርስ ዙሪያ ታስሮ በእንጨት ሲጠመዘዝ ጠርዞቹ ወደ ውጭ ይገፋሉ፣ አየሩም ይያዛል። ጎማው ውስጥ ነዳጅ ረጭቶ በክብሪት ማስነሳት ግን ዓይንና እጅ የሚያጠፋ ድርጊት ስለሆነ በምንም ምክንያት መሠራት የለበትም። ጠርዙ በየጎኑ «ጧ» ብሎ እስኪቀመጥ ከ40 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ማለፍ አይገባም፤ ካልተቀመጠ አየሩ ወጥቶ ሳሙናው ይደገማል።

ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ ሾፌር ጎማው ሲሞቅ አየር የመቀነስ ልማድ ካለው ሊተወው ይገባል። 1,000 ሜትር መውረድ በመለኪያው ላይ 1.5 ፒኤስአይ ገደማ ሲቀንስ፣ የ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ደግሞ ያንኑ ያህል ስለሚጨምር ሁለቱ ይቻቻላሉ፤ በሙቀቱ የተቀነሰው አየር ግን ማታ ጎማው ሲበርድ ጎድሎ ይገኛል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው አደጋ በብዙ የቆዩ አይሱዙ ጭነት መኪኖች ላይ ያለው ቸርኬ ነው። በዚህ ዓይነቱ ቸርኬ ጎማውን የሚይዘው ተሰንጥቆ የሚገባ የብረት ቀለበት በመሆኑ መግጠሙ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም በቦታው ያልገባ ቀለበት አየር ሲሞላበት ሰው በሚገድል ኃይል ይወረወራል። ስለዚህ አየር ከመሞላቱ በፊት ጎማውና ቸርኬው በሰንሰለት ይታሰራሉ፣ ቀለበቱ ወደ መሬት ይደፋል፣ አየር የሚሞላው ሰውም ረጅም ቱቦ ይዞ ከጎን ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ለማየት የሚሰበሰቡ ልጆችም ከግቢው እንዲወጡ ይደረጋል። ሲፈታም አየሩ ጨርሶ ሳይወጣ ቀለበቱ አይነካም፤ ዝገት የበላው ወይም የጎበጠ ቀለበት ደግሞ በመዶሻ ተቃንቶ አይመለስም፣ ይጣላል።