የኤሌክትሪክ የነዳጅ ፓምፕ የት ይታሰር?

ቮልስዋገን ቢትልን፣ በእኛ አጠራር «ቮልስ»ን፣ የሚወዱ ኢትዮጵያውያን በአገር ቤትም በውጭም ብዙ ናቸው። የመኪናው ሞተር ሲታደስ ወይም በሌላ ሲተካ፣ በሞተሩ ኃይል ይሠራ የነበረው ሜካኒካል የነዳጅ ፓምፕ አንዳንድ ጊዜ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ይለወጣል። አዲሱን ፓምፕ እዚያው የሞተር ክፍል ውስጥ ማሰር ይቀልላል፤ ለእጅ ይቀርባል፣ ሽቦውም አጭር ይሆናል። ነገር ግን ከዚህ የከፋ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ምክንያቱን ለመረዳት «ፓምፕ ነዳጅ ይስባል» የሚለውን አነጋገር ማረም ያስፈልጋል። ፓምፑ በመግቢያው በኩል ያለውን ግፊት ዝቅ ያደርጋል እንጂ ፈሳሹን ጎትቶ አያመጣም። ነዳጁን ወደ ፓምፑ የሚገፋው በታንኩ ውስጥ ባለው ነዳጅ ላይ የሚያርፈው የከባቢ አየር ግፊት ነው። ይህ ግፊት በባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎፓስካል ያህል ሲሆን፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ወደ 76 ገደማ ይወርዳል።

ቤንዚን ደግሞ በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ ነው። በ38 ዲግሪ ሴልሺየስ የትነት ግፊቱ 60 ኪሎፓስካል ነው ብንል፣ አዲስ አበባ ላይ የሚተርፈው 16 ብቻ ነው። ነዳጁን አንድ ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ከዚህ ላይ 7 ያህሉን ይወስዳል፤ ጠባብ ቱቦና ያረጀ ፊልትሮ የቀረውን ይጨርሱታል። ያን ጊዜ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ይፈላል፣ ፓምፑ በእንፋሎት ውስጥ በከንቱ ይሽከረከራል፣ ሞተሩም ይጠፋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የአየሩ ግፊት ሙሉ ቢሆንም፣ ሙቀቱ የትነት ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርገው ውጤቱ ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ፓምፑ ከታንኩ አጠገብ፣ ከታንኩ ወለል ዝቅ ብሎ ይታሰር። ነዳጁ በራሱ ክብደት ወርዶ ይሞላዋል። ከፓምፑ እስከ ሞተሩ ያለው ረጅምና ሞቃት መንገድም በግፊት ሥር ይሆናል፤ ፓምፑ 0.2 ባር ብቻ ቢጨምር አዲስ አበባ ላይ 76 የነበረው 96 ኪሎፓስካል ይደርሳል፣ ቤንዚኑም በቀላሉ አይፈላም። በቮልስ ታንኩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ቦታው ከፊት፣ ከታንኩ ሥር ነው። ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ኤሌክትሮኒክ የነዳጅ መርጫ በገጠመላቸው 1600 ሞዴሎቹ ላይ ፓምፑን ያሰረው ከፊት፣ በታንኩ አካባቢ ነበር። እንዲያም ሆኖ ግጭት ቢደርስ ቀድሞ በሚጨፈለቀው ጫፍ ላይ ወይም መንገድ ላይ ያለ ድንጋይ በሚመታው ዝቅተኛ ቦታ መሆን የለበትም። ከኋላ መቀመጫው ሥር ያለው ክፍት ቦታ ያጓጓል፤ ነገር ግን ባትሪው የሚቀመጠው እዚያው ነው፣ የነዳጅ መገጣጠሚያም በተሳፋሪዎች ክፍል ውስጥ ሊኖር አይገባም።

በዛሬ መኪኖች ፓምፑ ብዙውን ጊዜ ታንኩ ውስጥ፣ ቤንዚኑ ውስጥ ተነክሮ ይቀመጣል። ይህ ለሰሚው ያስፈራል፤ ሆኖም የቤንዚን ተን የሚቀጣጠለው ከአየር ጋር ሲደባለቅ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ገደማ ሲሆን ብቻ ነው። በታንኩ ውስጥ ያለው ተን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ እጅግ የበዛ በመሆኑ እሳት አይይዝም፤ ፈሳሹም ፓምፑን ያቀዘቅዘዋል።

ፓምፑ ሲገዛም ጥንቃቄ ይሻል። ካርቡራተር የሚፈልገው ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ያህል ነው። ለነዳጅ መርጫ የተሠራ ፓምፕ 3 ባር ገደማ ስለሚሰጥ የካርቡራተሩን መርፌ አሸንፎ ቤንዚኑን በጋለ ሞተር ላይ ያፈስሰዋል።

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ሽቦው ነው። አሮጌው ሜካኒካል ፓምፕ ሞተሩ ሲቆም አብሮ ይቆማል። በቀጥታ ከቁልፉ ጋር የተያያዘ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ግን መኪናው ተጋጭቶ ቱቦው ቢበጠስ እንኳ ቁልፉ እስኪዘጋ ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል፤ ሾፌሩ ራሱን ስቶ ከሆነ ደግሞ ቁልፉን የሚዘጋው ማን ነው? ለዚህም ከማቀጣጠያው የሚመጣውን ምት የሚከታተልና ምቱ ሲቋረጥ ፓምፑን የሚያጠፋ ሪሌ አለ፤ በግጭት ጊዜ መስመሩን የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያም ይሸጣል። ሁለቱንም መግጠም ይሻላል፤ ዋጋቸው ከፓምፑ ጋር ሲነጻጸር የሚያሳስብ አይደለም። ሪሌውን መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬን ይዞ፣ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ማጥፋት። ቁልፉን ሳይነኩ ጆሮን ወደ ፓምፑ ማስጠጋት ነው፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ድምፁ ካልጠፋ መኪናው ከጋራዥ መውጣት የለበትም።