«ግራ ጆሮዬ ጭው ይልብኛል»፦ የጋፋት ልጅ ስለ ሳይለንሰር የጠየቀኝ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከወትሮው ለየት ያለ ጥያቄ ደረሰኝ። ጠያቂው የጋፋት ልጅ ነው፤ እዚሁ ደብረ ታቦር አፍንጫ ሥር ያለችው ጋፋት። አሁን የሚኖረው ኖርዌይ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ዶክተር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ክለብ እየሄድኩ በ22 ካሊበር ጠመንጃ ኢላማ እተኩሳለሁ። አፈሙዙ ላይ የሚገጠም ቀለል ያለ ሳይለንሰር ልገዛ አስቤያለሁ። ጓደኛዬ ‹እሱን ከገጠምክ የጆሮ መሸፈኛ አያስፈልግህም› ይለኛል። እውነት ነው? የትኛውስ ይሻለኛል? ደሞ ማታ ማታ ግራ ጆሮዬ ጭው ይልብኛል።»

ስለ ብረቱ ብዙ ጻፈ፣ ስለ ጆሮው አንድ መስመር፣ ያውም መጨረሻ ላይ። የእኔ ዓይን ያረፈው እሷ ላይ ነው። ታካሚዎቻችን ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው፤ ዋናውን ነገር የሚነግሩን ሊወጡ ሲሉ፣ የበሩን እጀታ ይዘው ነው።

በግል መልሼለት ዝም ማለት እችል ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ፋርጣ ውስጥ የዘመድ ሠርግ ነበረብኝ። የፋሲካ ማግስት ሰሞን እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ በየአቅጣጫው ድንኳን ነው። ሙሽራው ሊገባ ሲል ከጀርባዬ ክላሽ ተንጣጣ። አንድ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ሁለት ጆሮውን በመዳፉ ይዞ ያለቅሳል፤ ትልልቆቹ «አይዞህ ወንድ አይደለህ!» እያሉ ይስቃሉ። እኔም ለደቂቃዎች ጆሮዬ ጭው ብሎ ከአጠገቤ ያለው ሰው የሚያወራው እንደ ሩቅ ሬዲዮ ነበር የሚሰማኝ።

ከዚያ አጎቴ ጎን ተቀመጥኩ። ስናወራ ሁልጊዜ ቀኝ ጆሮውን ነው የሚያዞርልኝ።

«አያ፣ ግራ ጆሮዎ አይሰማም እንዴ?» አልኩት።

«ሽምግልና ነዋ ልጄ።»

«ቀኙስ አልሸመገለም?»

ሳቀ። ግን መልስ አልነበረውም። ሁለቱም ጆሮ እኮ የተወለዱት በአንድ ቀን ነው።

አጎቴ በወጣትነቱ በተኳሽነቱ የሚታወቅ ሰው ነበር፤ ሠርግም ለቅሶም ላይ «እስቲ አንተ በልልን» የሚባል። በቀኝ እጁ ነው የሚተኩሰው። ሰደፉን ቀኝ ትከሻህ ላይ አድርገህ ስታነጣጥር ፊትህ ወደ ቀኝ ዘወር ይላል፤ ግራ ጆሮህ ወደ አፈሙዙ ይቀርባል፣ ቀኙን ደግሞ ጭንቅላትህ ይጋርደዋል። ስለዚህ በጠመንጃ ተኳሾች ላይ መጀመሪያ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ግራው ነው። ለግራ እጅ ተኳሽ ግልባጩ። የኖርዌዩ ልጅ «ግራ ጆሮዬ» ሲል ደወል የጮኸብኝ ለዚህ ነው። (በእርግጥ በአንድ ጆሮ ብቻ የሚመጣ ጩኸትና የመስማት መቀነስ ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ተኩስ ነው ብሎ ዝም ከማለት መመርመር ግድ ነው።)

ጆሯችን ውስጥ ምን ይሆናል?

በውስጠኛው ጆሮ፣ ቀንድ አውጣ በምትመስለው ኮክሊያ ውስጥ፣ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይሩ 15,000 ገደማ ፀጉር መሰል ሴሎች አሉን። ከተወለድንባቸው ውጭ ሌላ አይጨመርም። የሚገርማችሁ ዶሮ እንኳ የሞተባትን የጆሮ ሴል መልሳ ታበቅላለች፤ ሰው ግን አይችልም። የተኩስ ድምፅ ደግሞ እንደ ፋብሪካ ድምፅ ዓመታት አይጠብቅም፤ አንዲት ጥይት በሺዎች የሚቆጠሩትን በቅጽበት ልታበላሽ ትችላለች።

መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ለዚህ ነው እንዲህ ዓይነት ሰው «እሰማለሁ፣ ግን የምትሉት አይለይልኝም» የሚለው። አናባቢውን ይሰማል፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ የሚሉት ፊደሎች ያመልጡታል። «ሰማ» ትላላችሁ፣ እሱ «ሸማ» ይላል። ቤተሰቡ ይስቃል፣ እሱ ያፍራል፣ ቀስ በቀስ ጨዋታ መግባት ይተዋል። አጎቴ ድሮ ተረት አዋቂ ነበር፤ አሁን ሰው ሲሰበሰብ ጥግ ይዞ ዝም ነው። ይሄ ነገር ከጆሮው በላይ ያሳዝነኛል።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ለድንገተኛ ፍንዳታ ድምፅ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ ለአዋቂ 140 ዲሲቤል፣ ለሕፃናት 120 ነው። የ22 ካሊበር ጠመንጃ 140 ገደማ ይደርሳል፤ አጭር አፈሙዝ ባለው ሽጉጥ ከዚያም ያልፋል። ክላሽን የመሰሉት የጦር ጠመንጃዎች ከ155 በላይ ናቸው። ዲሲቤል እንደ ብር አይቆጠርም፤ 10 ሲጨምር ጉልበቱ 10 እጥፍ፣ 20 ሲጨምር 100 እጥፍ ነው። ያ ያለቀሰ ልጅ ፈሪ አልነበረም። ከሁላችንም ይልቅ የገባው እሱ ነው።

እሺ፣ ሳይለንሰሩስ?

ስሙ ራሱ ያሳስታል። ፊልም ላይ እንደምናየው «ትስ» ብሎ የሚቀር ነገር የለም። ባሩዱ ሲቃጠል የሚፈጠረው የጋለ ጋዝ ከአፈሙዙ ድንገት ሲወጣ ነው የሚጮኸው፤ ማፈኛው ያንን ጋዝ በተደራረቡ ክፍሎች ውስጥ አዘግይቶና አቀዝቅዞ ይለቀዋል። አሠራሩ ከመኪና ማርሚታ ጋር ዘመድ ነው። ጥሩ ማፈኛ ከ20 እስከ 30 ዲሲቤል ሊቀንስ ይችላል፤ 22ቱን ወደ 115 እና 120 አካባቢ ያወርደዋል ማለት ነው። ለጆሮ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ኖርዌይና ፊንላንድ ለአዳኝና ለኢላማ ተኳሽ እንደ ጤና መጠበቂያ ነው የሚያዩት።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1909 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ የሳይለንሰርን ፓተንት ያስመዘገበው ሂራም ፐርሲ ማክሲም ይባላል። የማን ልጅ መሰላችሁ? የማክሲም መትረየስን የፈለሰፈው የሂራም ማክሲም! አባትየው የራሱን መሣሪያ ሲሞክር ኖሮ በመጨረሻ ጆሮው ደነቆረ።

ግን ማፈኛ የማያፍነው አንድ ድምፅ አለ፤ ይሄን ለመረዳት ደግሞ የደብረ ታቦር ልጅ ከማንም ይቀድማል። ነሐሴ 13፣ ቡሄ ዕለት ጅራፍ ስናጮህ ያ «ጧ!» የሚለው ምንድን ነው? ጅራፉ መሬት መትቶ አይደለም። ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት አልፎ አየሩን ሲሰነጥቀው ነው። ጥይትም እንደዚያው ነው። ከድምፅ የፈጠነች አረር መንገዷን ሙሉ ጅራፍ እያጮኸች ትሄዳለች፤ አፈሙዙ ላይ ምን ብትገጥም አይመለከታትም። ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው ማፈኛ» ከመሆኑ በፊት «የትኛው ጥይት» ነው። ለኢላማ የተሠሩት የ22 ጥይቶች አብዛኞቹ በሴኮንድ 325 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ፈጣኖቹ ግን ከ370 ያልፋሉ። ድምፅ በ15 ዲግሪ ሙቀት 340 ሜትር ይጓዛል። እነዚያ ዝግተኞቹ ይሻሉሃል።

የኖርዌይ ክረምት ግን ጣጣ አለበት። አየር ሲቀዘቅዝ የድምፅ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 319 ሜትር ገደማ ነው። በጋ ላይ ዝም ያለችው ያችው ጥይት ጥር ላይ ትጮኽብሃለች። ማፈኛው ተበላሸ ብለህ እንዳትመልሰው!

ቀላል ክብደት ላልከው፣ ትክክል ነህ። አፈሙዝ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል እያንዳንዱ ግራም ክንድን ያደክማል፣ የጠመንጃውን ሚዛን ወደፊት ይጎትታል፣ ጥይቷ የምታርፍበትንም ቦታ ያንቀሳቅሳል፤ ከገጠምክ በኋላ ኢላማህን እንደገና ማስተካከልህ አይቀርም። 22 ካሊበር ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ 100 ግራም አካባቢ ያለ የአሉሚኒየም ማፈኛ ይችለዋል፤ ብረት ለዚህ ሥራ ሸክም ነው፣ ቲታኒየም ጠንካራም ቀላልም ነው ግን ዋጋው ይከብዳል። እኔ ከክብደቱ ይልቅ የማየው ሌላ ነው፦ ተፈትቶ መጽዳት ይችላል ወይ? የ22 አረር መዳብ ያልለበሰ ሰም የተቀባ እርሳስ ነው፤ በየተኩሱ እርሳስና ጥላሸት እየተጋገረ ውስጡን ይሞላዋል። የማይፈታ ከገዛህ ዓመት ሳይሞላ የከበደ ዱላ ነው የሚሆንልህ። ጥርሱ ከአፈሙዙ ጥርስ ጋር ልክ መግጠሙን ደግሞ ባለሙያ ያይልህ፤ ትንሽ ከተጣመመ አረሯ ማፈኛውን ራሱን ትመታዋለች።

እርሳስ ካልን አይቀር፣ ይሄ የሐኪም ወሬ ነውና ጠበቅ ላድርግ። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ ለልጆች አእምሮ «ይሄን ያህል ችግር የለውም» የሚባል መጠን የለውም። ማፈኛህን ወጥ ቤት ውስጥ አታጽዳ። ጓንት አድርግ፣ አቧራውን አትንፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርግ። ኮምጣጤና ፔሮክሳይድ ቀላቅሎ መዘፍዘፍ የሚባለውን ዘዴ ተወው፤ እርሳሱን በቆዳ ጭምር ወደሚገባ መርዝ ነው የሚቀይረው። ከተኩስ መልስ እጅና ፊትህን በሳሙና ሳትታጠብ እንጀራ እንዳትቆርስ። ልጅ ካለህ ደግሞ ልብስህን ሳትቀይር አትቀፈው። አውቶማቲክ ከሆነ ማፈኛው ጋዙን ወደ ፊትህ ስለሚመልሰው፣ በእጅ የሚጎረሰው ይመረጣል።

ጓደኛህ ያለህን በተመለከተ፣ አልስማማም። መድፈኛህን አትጣል። የመጀመሪያዋ ጥይት ማፈኛው ውስጥ ባለው ኦክስጅን ምክንያት ከሌሎቹ ትጮኻለች፣ አጠገብህ የሚተኩሱት ሰዎች ማፈኛ ላይኖራቸው ይችላል፣ ጆሮህ ደግሞ ቀድሞ ተነክቷል። ማፈኛም መድፈኛም፤ ሁለቱንም።

እዚህ ሀገር ውስጥ ያላችሁ «ዶክተር፣ የት ይገኛል?» ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ፤ የመሣሪያ ጉዳይ አዋጅ 1177/2012 እና ፖሊስ ያሉበት ነገር ነው። ለእኛ የሚሆነው ያቺ ስፖንጅ የመሰለች የጆሮ መድፈኛ ናት። አደራረጓን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። በጣት አድቦልቡላችሁ ታቀጥኗታላችሁ፣ በሌላው እጅ በጭንቅላታችሁ ዞራችሁ የጆሮን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ትስባላችሁ፣ ታስገቡና እስክታብጥ ግማሽ ደቂቃ በጣት ትይዛላችሁ። ግማሿ ውጭ ከቀረ አልሠራችም። ጥጥና ሶፍት መወተፍ ከምንም አይቆጠርም። ለልጆች ከላይ የሚጠለቀው መሸፈኛ ይሻላል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ከተኳሹ ማራቅ ነው።

ተኩስ አጠገብ ቆይታችሁ ጆሯችሁ ጭው ካለ፣ ጭውታው በማግስቱም ካልተወ፣ ወይም አንዱ ጆሮ ድፍን ካለ፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ቢበዛ በ3 ቀን ውስጥ። በጊዜ የተጀመረ መድኃኒት ሊረዳ ይችላል፤ ወር ቆይቶ የመጣ ሰው ላይ የምናደርገው ያንሳል። ቅቤ፣ ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርት ውኃ አታንጠባጥቡ፤ ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ሌላ መዘዝ ነው።

ይሄን ስጽፍ መስኮቴ ወደ ጋፋት ያሳያል። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡት እዚያ ነው፤ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም ተራራ እየተቆረጠለት እስከ መቅደላ የተጎተተ። የዚያ ቀለጣ ቦታ ልጅ ዛሬ 100 ግራም የምትመዝን ማፈኛ ይፈልጋል። ገረመኝ እንጂ ሌላ ምንም አይደለም።

አጎቴን የመስማት ምርመራ ቀጠሮ አስይዤለታለሁ። «አልሄድም» ብሎ ነበር፤ «የልጅ ልጆችዎ ሲያወሩ አይናፍቅዎትም?» ስለው ዝም አለ፣ ከዚያ «ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

የጋፋቱ ልጅም መልሶ ጻፈ። እዚያው የጆሮ ምርመራ አድርጓል፤ ግራው በቀጭኑ ድምፅ ላይ ትንሽ ቀንሷል፣ ቀኙ ደህና ነው። ጥር ላይ ለእህቱ ሠርግ ይመጣል። «ስንት መድፈኛ ይዤ ልምጣ?» ይለኛል።

ሁለት መቶ አልኩት።