ሴኩር ቡትን ከማጥፋታችሁ በፊት

በሰቆጣም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ኡቡንቱ የተጫነበት ላፕቶፕ ከርነሉ ከታደሰ በኋላ አልነሣ ሲል የሚታዘዝለት መድኃኒት አንድ ነው፤ ባዮስ ይከፈትና ሴኩር ቡት ይጠፋል። ማሽኑ ይነሣል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ምክንያቱን የሚጠይቅ የለም። ጠፍቶም ካልተነሣ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። በጥገና ሥራ ላይ እንደቆየ ሰው ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ልማድ ነው። ሴኩር ቡት ስሙ በከንቱ የጠፋ መሣሪያ ነው፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሆኖ ሳለ የሚቀጣው እሱ ነው።

ከርነል ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞችን የሚያገናኘው የሲስተሙ ዋና ክፍል መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ሴኩር ቡትን ለመረዳት ደግሞ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤን ማሰብ ይበቃል። ፊርማ፣ ቲተርና ክብ ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ መዝገብ ቤት አይቀበልም፤ ይዘቱ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን። ኮምፒውተሩም ሲነሣ እንዲሁ ያደርጋል። ከፋብሪካ ሲወጣ የማይክሮሶፍትን ማኅተም እንዲያውቅ ተደርጓል። በዚያ ማኅተም መጀመሪያ ሺም የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም ይመረምራል። ሺም በውስጧ የኡቡንቱ ባለቤት የካኖኒካል ማኅተም አለ፤ በእሱ ማስነሻው ግራብና ከርነሉ ይመረመራሉ። ከርነሉ በተራው ድራይቨሮቹን ይመረምራል። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት በአንዱ ላይ ማኅተሙ ከጎደለ ጉዞው እዚያው ይቆማል፤ ድራይቨር ላይ ከጎደለ ግን ማሽኑ ተነሥቶ ያ ድራይቨር ብቻ ይቀራል።

«ማይክሮሶፍት ሊኑክስን ለመዝጋት የሠራው ነው» የሚለው ወሬ መነሻ አለው። የሴኩር ቡት ደንብ በ2011 እ.ኤ.አ. የባዮስ ተተኪ በሆነው በዩኢኤፍአይ 2.3.1 ወጣ፤ በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲመጣ የዊንዶውስ 8 ማረጋገጫ የሚፈልጉ አዳዲስ ላፕቶፖች ይህን አብርተው እንዲሸጡ ተጠየቀ። ያኔ የሊኑክስ ሰዎች ሥጋት የምር ነበር። የሊኑክስ ባለሙያው ማቲው ጋሬት የጻፈው ሺም ግን በሩን ከፈተው፤ ኡቡንቱ ከ12.10፣ ፌዶራ ከ18 ጀምሮ ሴኩር ቡት ሳይጠፋ መነሣት ችለዋል። ወሬው እስከ ዛሬ መቆየቱ ይገርመኛል። ሴኩር ቡት የሚጠቅመው ሊኑክስንም ጭምር ነው። በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያው ኢሴት ቡትኪቲ የተባለውን፣ ሊኑክስን ዒላማ ያደረገ የመጀመሪያ የዩኢኤፍአይ ቡትኪት (ከሲስተሙ ቀድሞ የሚነሣ የተንኮል ፕሮግራም) ይፋ አደረገ። የታሰበው ለኡቡንቱ ነበር፤ የተፈረመው ግን በራሱ ማኅተም በመሆኑ ሴኩር ቡት በበራበት ማሽን ላይ፣ ማኅተሙ በማሽኑ ላይ ካልተመዘገበ በቀር፣ መነሣት አይችልም።

ወደ ብልሽቱ እንሂድ። የመጀመሪያው ነገር ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ፤ ነገር ግን ተጠግኖ ያልዳነ ማሽን ይዞልኝ የሚመጣ ሰው «ምን ጻፈልህ?» ስለው መልሱ «እንግሊዝኛ ነገር» ነው። ያቺ አንዲት መስመር ከአራቱ የትኛው ጋ እንደቆመ ትናገራለች። «ባድ ሺም ሲግኔቸር» ካለ ሺም ከርነሉን አልተቀበለችውም ማለት ነው። ወይ ሰውዬው ያልተፈረመ ከርነል ከሌላ ቦታ አውርዶ ጭኗል፣ ወይ የከርነሉ ፋይል ሳይሟላ ቀርቷል። መብራት በአፕዴት መሀል ከሄደና የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ይህ ሁለተኛው ይደርሳል፤ ሴኩር ቡት እዚህ ላይ የተበላሸ ፋይል በማግኘቱ ሊመሰገን ይገባዋል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሺፍት ወይም ኢስኬፕ ተጭኖ በግራብ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ የቆየውን ከርነል መምረጥ፣ ከዚያ አዲሱን እንደገና መጫን ነው። ኡቡንቱ የቆየውን ከርነል ያስቀመጠልን ለዚህ ነበር፤ ቦታ ይያዛል ብላችሁ አትሰርዙት።

«ከርነል ፓኒክ» ብሎ ሩት ፋይል ሲስተም አላገኘሁም ካለ ደግሞ ነገሩ ከሴኩር ቡት ጋር ግንኙነት የለውም። ጥፋቱ ያለው ኢኒትራምኤፍኤስ በተባለው ፋይል ላይ ነው፤ ይህ ፋይል የሚሠራው እዚያው ማሽኑ ላይ ነው፤ በተለመደው የኡቡንቱ አጫጫን ማንም አይፈርምበትም፣ ማንም አይመረምረውም። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በመብራት መጥፋት ወይም ቡት የተባለው ክፍል በመሙላቱ ነው። ሴኩር ቡትን አጥፍታችሁ ብትሞክሩ ያው ጽሑፍ ይመጣል። በቆየው ከርነል ገብቶ ፋይሉን እንደገና ማሠራት ይበቃል።

አሁን ወደምወደው ነገር ደረስኩ። ማሽኑ ይነሣል፣ ዋይፋዩ ግን ጠፍቷል። ከያገለገሉ ዴልና ኤችፒ ላፕቶፖች የብሮድኮም ካርድ ያላቸው አሉ፤ ዴስክቶፖች ላይ ደግሞ የሪልቴክ ዩኤስቢ ዋይፋይ ይሰካል። የብዙዎቹ ድራይቨር ከከርነሉ ጋር ስለማይመጣ ዲኬኤምኤስ የተባለው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እዚያው ማሽኑ ላይ ያዘጋጀዋል። በቤት የተዘጋጀን ነገር ካኖኒካል ሊፈርምበት አይችልም። ታዲያ ማን ይፈርም? የማሽኑ ባለቤት። ሞክ የሚባለው የባለቤቱ ቁልፍ ነው፤ ሺም ከማይክሮሶፍትና ከካኖኒካል ማኅተም ጎን የእናንተንም ማኅተም ትቀበላለች። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ሥርዓት የሚበልጠው ይህ ነው። ሰቆጣ ያለ አንድ ጠጋኝ የሠራውን ማኅተም ማሽኑ እንደ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ማኅተም ያምነዋል።

ቁልፉ የሚገባበት መንገድ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሞክዩቲል በተባለው መሣሪያ ቁልፉ ይመዘገብና የይለፍ ቃል ይጠየቃል፤ ማሽኑ ሪስታርት ሲደረግ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። በዐሥር ሰከንድ ውስጥ ከኪቦርዱ አንድ ቁልፍ ካልተነካ ገጹ ይዘጋል፣ ማሽኑም እንደ ወትሮው ይነሣል፤ ምዝገባው ከመጀመሪያ መደገም አለበት። ቁልፉ ያልገባ ሰው ድራይቨሩን ሲያስነሣ «ኪ ዋዝ ሪጄክትድ» የሚል መልስ ያገኛል፤ ሴኩር ቡትን የሚያጠፋውም እዚህ ላይ ነው። ሰማያዊው ገጽ ሲመጣበት «ቫይረስ መሰለኝ» ብሎ ማሽኑን የነቀለ ሰው አውቃለሁ።

ዐሥሩ ሰከንድ ለምን? ሲስተሙን በርቀት የያዘ ሌባ ቁልፉን ማስመዝገብ ቢችል እንኳ ማሽኑ ሲነሣ ከፊቱ ተቀምጦ ቁልፍ ሊጫን አይችልም። እጅ ያለው ሰው እዚያው መኖር አለበት። ይህ ብልሃት ለከተማ ቢሮ ቀላል ነው፤ ለእኛ ግን ጠጋኙ ሰቆጣ፣ ማሽኑ ዝቋላ ወረዳ ጽጽቃ ይሆናል። ስለዚህ በስልክ እንሠራዋለን። አንድ ጊዜ ከአንድ መምህር ጋር እንዲህ ተባባልን፤

«መምህር፣ ሰማያዊ ገጽ ሲመጣ ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ፤ ዐሥር ሰከንድ ብቻ ነው ያለዎት።»

«ቆይ ልጄ፣ መነጽሬን ላድርግ።»

ገጹ አለፈ። ደገምነው፤ መነጽራቸው ዐይናቸው ላይ ሆኖ «ኤንሮል ሞክ»፣ «ኮንቲኒው»፣ «የስ» እያሉ አንብበው ተጫኑ። የይለፍ ቃሉ ላይ ሲደርሱ ግን እንቢ አለ። ሰማያዊው ገጽ የሚያውቀው የአሜሪካ ኪቦርድ ብቻ ነው፤ የግዕዝ ኪቦርድ በርቶ ሳለ የተጻፈ የይለፍ ቃል እዚያ አይገኝም። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምመክረው አንድ ነው፤ የይለፍ ቃሉ ስምንት አኃዝ ይሁን፣ ቁጥር ብቻ፣ ወረቀት ላይ ተጽፎ። ከምዝገባው በኋላ አያስፈልግም።

በዚህ ላይ ተደጋግሞ የማየው ስህተት የላብራቶሪ ነው። አንድ ኮምፒውተር በደንብ ይዘጋጃል፣ ቁልፉ ይገባል፣ ዋይፋዩ ይሠራል፤ ከዚያ ዲስኩ ወደ ሌሎቹ ሁሉ ይገለበጣል። በመጀመሪያው ላይ የሠራው በሌሎቹ ላይ አይሠራም፤ አስተማሪውም ማሽኖቹ አርጅተዋል ይላል። አላረጁም። የተመዘገበው ቁልፍ የሚቀመጠው በዲስኩ ላይ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ሚሞሪ ውስጥ ነው። ዲስኩ ሲገለበጥ ፊርማው አብሮ ሄዷል፣ ፊርማውን የሚያውቅ ግን በሌላኛው ማሽን ላይ የለም። በእያንዳንዱ ማሽን ፊት ቀርቦ ሰማያዊውን ገጽ ማለፍ ግድ ነው። ደስ የሚለው ለአንድ ማሽን አንድ ጊዜ መብቃቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ከርነል ሁሉ ድራይቨሩን በዚያው ቁልፍ ያስፈርማል። ማዘርቦርዱ ከተቀየረ፣ ወይም የባዮስ እድሳት ሚሞሪውን ካጠፋው፣ መድገም ነው። ድራይቨሩን ያለ ዲኬኤምኤስ በእጁ የጫነ ሰው ግን በሚቀጥለው አፕዴት ዋይፋዩን ማጣቱ አይቀርም፤ ይህንንም በሴኩር ቡት አያሳብብ።

ዋይፋይ ሳይኖር ጥገናውን እንዴት ላውርድ የሚል ካለ፣ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ኢንተርኔቱን ያጋራ። የዚያ ድራይቨር ከከርነሉ ጋር ተፈርሞ ስለሚመጣ ይሠራል።

ሴኩር ቡትን አጥፉ የሚሉ ሰዎች የማይናገሩት ሌላ ነገር አለ። በዚያው ማሽን ላይ በቢትሎከር የተቆለፈ ዊንዶውስ ካለ፣ ሴኩር ቡት ሲጠፋ ዊንዶውስ 48 አኃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉን ያላስቀመጠ ሰው ከርነል ሊያስጠግን መጥቶ የዓመታት ፋይሉን አጥቶ ይመለሳል።

ማጥፋት የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም አልልም። በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. የዊንዶውስ አፕዴት የቆዩ ሺሞችን በማገዱ፣ ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው ያሉባቸው ብዙ ማሽኖች «ኤስባት» የሚል ቃል ያለበት ስህተት ጽፈው ሊኑክሱን እንቢ አሉ። ያ ትክክለኛ እርምጃ በተሳሳተ ቦታ ያረፈበት ነበር፤ ለጊዜው አጥፍቶ፣ ሺምን አድሶ፣ የእገዳውን መዝገብ በሞክዩቲል አስተካክሎ መልሶ ማብራት ይበቃ ነበር። በኛ አካባቢ ጉዳቱ የባሰው የኡቡንቱ መጫኛ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ለዓመታት ስለሚዞር ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ መብራትና ኔትወርክ ተቋርጦ ሳይበሩ የከረሙ ማሽኖችም ሺማቸው ያረጀ ነው። የሰዓት ባትሪያቸውም ይሞትና ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አፕዴት እንቢ ሲል መጀመሪያ ቀኑን አስተካክሉ። ሴኩር ቡት ቀን አይጠይቅም።

ይህን የምለው «በሰኔ 2026 ኮምፒውተር ሁሉ መነሣት ያቆማል» የሚለው ወሬ እዚህም ስለደረሰ ነው። የማይክሮሶፍት የ2011 ሰርተፊኬቶች ከሰኔ 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጊዜያቸው ያልፋል፤ እስካሁን የተፈረመው ግን መነሣቱን ይቀጥላል። ችግሩ በ2023ቱ አዲስ ቁልፍ ብቻ የሚፈረሙ ወደፊት የሚወጡ ሺሞች ናቸው፤ አዲሱን ቁልፍ የማያውቅ ማሽን እነሱን አይቀበልም። ቁልፉ በባዮስ እድሳት ወይም ሊኑክስ ላይ ባለው ኤፍደብሊውአፕዲ በኩል ይመጣል። ላብራቶሪ የምታስተዳድሩ መምህራንና የወረዳ የአይሲቲ ባለሙያዎች፣ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት አንድ ቀን ወስዳችሁ ይህን እድሳት ጫኑ፤ በመሳቢያችሁ ያለውን የድሮ መጫኛ ፍላሽም ደምስሱና በአዲስ ኡቡንቱ እንደገና ጻፉት።