በሐሰት የሚከሰሰው የባሕር ሥር ፍል ውኃ

በኒውዚላንድ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በፕሌንቲ ባሕረ ሰላጤ፣ 200 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ፍል ውኃ ይፈልቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ እዚያ የፈሳሽ ሜርኩሪ ጠብታዎች ተገኝተዋል። ከምድር ሆድ የወጣ ንጹሕ ሜርኩሪ!

የባሕር ውኃ በስንጥቅ ሰርጎ ከጋለ ዐለት ዘንድ ይደርስና ማዕድን አሟሙቶ ይመለሳል፤ አሠራሩ ይኸው ነው። እኔን የሚማርኩኝ በዙሪያው የሚኖሩት ናቸው። በምሥራቅ ፓስፊክ ፍል ውኃዎች ሜርኩሪን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል፤ እንዲህ ያሉ ባክቴሪያዎች መርዙን ወደ ተናኝ ጋዝ ለውጠው ከአካላቸው ያስወጡታል። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

የሚያናድደኝ ግን ቱና ዓሣ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ በተነሣ ቁጥር «እሱማ የተፈጥሮ ነው፣ ከባሕር ሥር የሚመጣ ነው» የሚል ሰው አለመጥፋቱ ነው። ምሳ እየበላሁ ስንቴ ተሟግቼበታለሁ! ነገሩ ችሎትም ደርሷል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ2009 የይግባኝ ፍርድ ቤት በታሸገ ቱና ውስጥ ያለው ሜቲል ሜርኩሪ (በዓሣ ሥጋ የሚከማቸው የሜርኩሪ ዓይነት) የተፈጥሮ ነው የሚለውን ብይን አጽንቷል።

ሐሳቡ ሲነሣ ምክንያት ነበረው። በ1971 እና በ1998 ሃዋይ አካባቢ የተያዙ ባለቢጫ ክንፍ ቱናዎች ሲነጻጸሩ የሜርኩሪ መጠናቸው አልጨመረም ነበር። አየሩ እየተበከለ ዓሣው ካልተለወጠ ምንጩ ጥልቁ ባሕር ይሆን? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በ2008 የተያዙት ተጨምረው በ2015 እንደገና ሲሰላ ግን፣ ከ1998 እስከ 2008 በዓመት 3.8 በመቶ ያህል ጭማሪ ታየ። የመጀመሪያውን ዜና ይዘው ሁለተኛውን ያላነበቡ ሰዎች ዛሬም ያንኑ ይደግማሉ።

ፍል ውኃው የሚያወጣውም ተለክቷል። በአትላንቲክ መካከል ታግ የተባለውን ሥፍራ ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2024 እንዳሳተሙት፣ በዓለም የውቅያኖስ መካከል ሸንተረሮች ላይ ያሉ ፍል ውኃዎች በሙሉ ያወጡታል ተብሎ የሚገመተው ሜርኩሪ በዓመት ከ1.5 እስከ 65 ቶን ገደማ ነው። ሰው በ2015 ወደ አየር ብቻ የለቀቀው 2,200 ቶን ያህል ነው፤ ትልቁ ድርሻ የባህላዊ ወርቅ ማውጣትና የድንጋይ ከሰል ነው። በዓሣ ሥጋ የሚከማቸው ሜቲል ሜርኩሪም በአብዛኛው ረቂቅ ተሕዋስያን ከሜርኩሪ የለወጡት ነው።

ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት የሰውን የሜርኩሪ ልቀት ለመቀነስ ሲፈረም፣ ቅነሳው ባሕሩን ምን ያህል እንደሚያጠራ ለመገመት የተፈጥሮው ድርሻ መታወቅ ነበረበት። የታግ ልኬት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።