አይጥ በመኖ መጋዘን፦ ከምትበላው የምታበላሸው ይብሳል

አይጥ ከፉርሽካውና ከፋጉሎው የምትበላው ቢያስቆጭም፣ ትልቁ ጉዳት በመኖው ላይ የምትተወው ነው። ሽንቷ ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለውን በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። በሽታው ላሞችን ያስጨነግፋል፤ ወደ ሰውም ይተላለፋል።

ብዙ አርቢ ለዚህ ድመት ያሳድጋል። ሆኖም የድመት፣ በተለይም የግልገል ድመት ዓይነ ምድር መኖ ውስጥ ከገባ፣ በቶክሶፕላዝሞሲስ ምክንያት በጎችና ፍየሎች ሊያስጨነግፉ ይችላሉ። ስለዚህ ድመቷ በግቢው ትዋል እንጂ መኖው ላይ አትተኛ።

መርዝም ጥንቃቄ ይሻል። ዚንክ ፎስፋይድ ከብትንም፣ ዶሮንም፣ ውሻንም ይገድላል። ከመኖ ጋር በአንድ ቤት አይቀመጥ፤ የሞቱ አይጦችም በጓንት ተለቅመው በጥልቁ ይቀበሩ።

ዋናው መፍትሔ መግቢያና መደበቂያ መንሳት ነው። ትንሿ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በምትሆን ክፍተት ታልፋለችና ቀዳዳው በሲሚንቶ ወይም በቆርቆሮ ይደፈን። ጆንያው በርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ርቆ ይደርደር፤ የፈሰሰው መኖ በየማታው ይጠረግ። የአይጥ እርግዝና 3 ሳምንት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ዛሬ ችላ የተባለች አንዲት እርጉዝ አይጥ በወሩ ቤተሰብ ይዛ ትጠብቃለች።