ትኩሳት ያለው ሕፃን እንቅልፍ ሲያበዛ

እናቶች ሆይ፤ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ በእንጦጦ ዳገት የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ ጎሕ ሲቀድ ለቅጠልና ለጭራሮ ትወጣላችሁ፤ ሕፃኑን ታላቅ እኅቱ ትይዘዋለች። ማታ ስትመለሱ «እንዴት ዋለ?» ብትሏት፥ «አላስቸገረኝም፤ ሲተኛ ዋለ» ትላለች። ልጁ ጤነኛ ከሆነ እሰየው። ገላው የሚያተኩስ ከሆነ ግን ይህ እንቅልፍ ዕረፍት ላይሆን ይችላልና አትዘናጉ።

አንጎላችንን የሚጠብቅ ስስ ሽፋን አለ። በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ሲገቡበት ይቆጣል፥ ያብጣል፤ አንጎልም ይጨነቃል። የተጨነቀ አንጎል ነቅቶ መቆየት አይችልም፤ ስለዚህ ልጁ ይፈዛል፥ እንቅልፍም ይጥለዋል። ሕመሙ አንጎሉን ራሱን ሲነካም እንደዚሁ ነው። ይህን የሽፋን ሕመም ማጅራት ገትር የምንለው ማጅራትን ስለሚያደርቅ ነው። በጨቅላ ሕፃን ግን ማጅራቱ ሳይገተር ሊቀር ይችላል። እንግዲያው ማጅራቱን ብቻ ሳይሆን እንቅልፉንም ተመልከቱ።

እንዴት ይለያል? ስሙን ጥሩት፤ ውስጥ እግሩን ኮርኩሩት፤ ጡት ስጡት። ጤነኛ ልጅ እየተነጫነጨም ቢሆን ነቅቶ ይጠባል። የታመመው ዓይኑን ገልጦ ወዲያው ያሸልባል፤ ወይም ከነጭራሹ አይነቃም። ትውከት፥ መንቀጥቀጥ ወይም የእርግብግቢት ማበጥ ካለ አደጋው የባሰ ነው።

ይህን ስታዩ «ሌሊቱ ይንጋ» አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ላልነቃ ልጅ ውሃም መድኃኒትም በአፉ አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ጠበል የምታስቡም እንደ ሆነ መርፌው አይዘግይ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ሐኪሙ ከወገቡ ጥቂት ፈሳሽ ቢቀዳ አትደንግጡ፤ ተሐዋሲውን ለይቶ ለማወቅ ነው። መድኃኒቱ ከዘገየ ልጁ ሊሞት ይችላል፤ ቢተርፍም ጆሮው ሊደነቁር ይችላል።

ሀገራችን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት፤ ወረርሽኙም በደረቁ የበጋ ወራት ይበረታል። ሕመሙ በሳልና በምራቅ ይተላለፋል። ስለዚህ መስኮት ክፈቱ፤ ስትስሉ አፋችሁን ሸፍኑ፤ በአንድ ኩባያ አትጠጡ። ከሁሉም በላይ ልጁን በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት አስከትቡ። ከ1999 ዓ.ም. እና ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በሀገራችን የሚሰጡ ሁለት ክትባቶች የዚህን በሽታ ሁለት ዋና ዋና ተሐዋስያን ይከላከላሉ።

ነገ ጠዋት ከቤት ሳትወጡ ታላቅ እኅቱን እንዲህ ብላችሁ ምከሯት፦ «ካተኮሰውና አልነቃ ካለሽ፥ እኔን አትጠብቂ፤ ለጎረቤት ተናገሪ።»