ኢንሱሊንን ከሻንጣ ይልቅ በእጅ ቦርሳ

ባለፈው ሰኔ አያቴ እኛን ጠይቃ ወደ አዲስ አበባ ልትመለስ ነበር። ጋሃና ቤታችን ሳሎን ውስጥ እናቴ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ የአያቴን ኢንሱሊን በፎጣ ጠቅልላ ከልብሱ መሀል አስገባችው።

«ማሚ፣ ይሄ ሻንጣ እኮ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው» አልኳት።

«ታዲያ ምን ይሆናል? ሥጋ አይደል፣ መድኃኒት ነው!»

ነገሩ ግን ኢንሱሊንም እንደ ሥጋው ፕሮቲን ነው። በነርሲንግ ትምህርቴ ስለ ፕሮቲን ያነበብኩት ሁሉ ትርጉም የሰጠኝ ያን ቀን ነው።

ሰውነታችን ፕሮቲን የሚሠራው ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ነው። መመሪያው ያለው ዲኤንኤ ላይ ነው። ሴሉ መመሪያውን ወደ አርኤንኤ ይገለብጠዋል፤ ራይቦዞም ደግሞ ግልባጩን ሦስት ሦስት ፊደል እያነበበ አሚኖ አሲዶቹን እንደ ዶቃ ይሰካቸዋል።

በቆሽት ውስጥ የኢንሱሊን ሰንሰለት ሲሠራ 110 አሚኖ አሲዶች አሉት። ከዚያ ይታጠፋል፣ በሰልፈር ይታሰራል፣ ትርፉ ይቆረጣል። በመጨረሻ 51 ይቀራሉ፤ በአንዱ ሰንሰለት 21፣ በሌላው 30። ፍሬድሪክ ሳንገር ይህን ቅደም ተከተል ስላወቀ በ1958 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

የፕሮቲን ቅርጽ አራት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው የአሚኖ አሲዶቹ ተራ ነው። ሁለተኛው የሰንሰለቱ መጠምዘዝ፣ ሦስተኛው ሙሉ እጥፋቱ ነው። አራተኛው የብዙዎች አብሮ መሰብሰብ ነው፤ ኢንሱሊን ቆሽት ውስጥ ሲጠራቀም ስድስት ስድስት እየሆነ በዚንክ ዙሪያ ይሰበሰባል።

ኢንሱሊን የሚሠራው ሴሉ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገጥም ነው። ቅርጹ ከተበላሸ አይገጥምም፤ ስኳሩም ደም ውስጥ ይቀራል።

አይብ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ኮምጠጥ ያለው አሬራ ሲሞቅ ፕሮቲኑ ቅርጹን ለውጦ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ከአጓቱም ይለያል። ቢቀዘቅዝ ተመልሶ አሬራ አይሆንም። ኢንሱሊንም ከፍተኛ ሙቀት ካገኘው ወይም በረዶ ከሆነ እንዲሁ ነው፤ ቢቀልጥም መጣል አለበት።

ስለዚህ ወደ አገር ቤት የሚሄድ የስኳር ሕመምተኛ ካላችሁ፦

• ኢንሱሊኑ በእጅ ቦርሳ ይሁን። የሻንጣው ክፍል በጣም ሊቀዘቅዝ ይችላል።
• በረዶ ከያዛችሁ ኢንሱሊኑን በቀጥታ አይንካው።
• ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን አይግባ።
• የተከፈተው አብዛኛው ዓይነት ሙቀት በሌለበት ቦታ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። የየራሱን መመሪያ አንብቡ።
• ጥርት ያለ የነበረው ከደፈረሰ አትጠቀሙበት። ኤንፒኤች የሚባለው ግን በተፈጥሮው ደፍራሳ ነው።
• መልኩ ሳይለወጥም ሊበላሽ ስለሚችል፣ ስኳሩ ያለምክንያት ከጨመረ ኢንሱሊኑንም ጠርጥሩ፤ ሐኪምም አማክሩ።

እናቴ ፎጣውን ፈታች። አያቴ በሰላም ገብታ ስንደውልላት የመጀመሪያ ጥያቄያችን ስለ ኢንሱሊኑ ነበር።

«ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ከአይቡ አጠገብ» አለችን።